የተውሶ ካቻቢቴ

ካቻቢቴው ከጣቶቹ መሐል ተስፈንጥሮ ወጣ። መሬት አልወደቀም። ወደ ጎን ዘሎ የራዳሩ ማግኔት ላይ ቀጭ አለና ተለጠፈ።

ሰውዬው እጁን በአየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ዞር ብሎ በሩን አየ፤ ማንም የለም። ከታች መንገደኞች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ ጀልባዋ ሲገቡ ይሰማል። ካቻቢቴውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሳበው። እንቢ አለ። በመጨረሻ ሲለቅቅም ቀጥ ብሎ አልለቀቀም፤ ብረቱ የማግኔቱን ገጽ እየፋቀ ተንሸራቶ ነው የተላቀቀው። ይህ ከመለጠፉ የባሰ ነው። የባሰ መሆኑን ደግሞ በዚያ ወደብ ላይ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመርከብና የጀልባ ራዳር ሲጠግን ኖሯል። ወደቡ ላይ በስሙ የሚጠራው የለም። "ባዶ እጅ" ነው የሚሉት። የራዳር ሳጥን ከመክፈቱ በፊት አጠገቡ የቆመውን ሰው ሁሉ "እጅህን ባዶ አድርግ፣ ኪስህንም" ስለሚል የወጣለት ስም ነው። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ሰንጢ፣ የእጅ ሰዓት፣ ሁሉም ውጭ ይቀራል። አንድ ጊዜ የወደቡን ኃላፊ ሳይቀር የብረት ዘለበት ያለውን ቀበቶ አስፈትቶ፣ ኃላፊው ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ሲያዩ ነበር። ያን ቀን የሳቁ ዛሬም ይስቃሉ። "ሰው ቤት ስትጠራም እንዲሁ ባዶ እጅህን ነው የምትሄደው?" ይሉታል። እሱ አይስቅም። ብረት ማግኔትን ሲነካው ከኃይሉ ይወስድበታል፤ የተወሰደው ደግሞ አይመለስም። ይህን እስኪሰለቻቸው ነግሯቸዋል።

የእሱ መሣሪያዎች ሁሉ ናስ ናቸው። ናስን ማግኔት አይስበውም። ብረቱ በተለጠፈበት ዕለት ግን የናሱ ካቻቢቴ የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። ከትናንት በስቲያ ሚስቱ የቁም ሳጥኑ በር ወለቀ ብላ ስትነዘንዘው ቤት ወስዶ ማጠፊያውን አጠበቀበትና እዚያው ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ረሳው።

የራዳሩን ሞገድ የሚያመነጨውን አዲሱን ማግኔትሮን የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ሦስቱን በናስ ቁልፍ አጠበቀ። አራተኛው በካቻቢቴ እንጂ በሌላ አይገባም። ጀልባዋ ልትነሳ አርባ ደቂቃ ቀርቷታል። ቤት ደርሶ መመለስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ወደ ሞተር ክፍሉ ወርዶ ከሞተረኛው የብረት ካቻቢቴ ተዋሰ።

"ምን ልታደርግበት ነው?" አለ ሞተረኛው።

"አምጣ ዝም ብለህ። ለአንዲት ብሎን ነው።"

ያችን አንዲት ብሎን ተጠንቅቄ፣ ቀስ ብዬ፣ እጄን አርቄ አጠብቃታለሁ ብሎ ነበር።

አሁን ካቻቢቴውን ከኋላ ኪሱ ሻጠና ክዳኑን ገጠመ። ክዳኑን ገጥሞ ሳይጨርስ ካፒቴኑ ገባ።

ካፒቴኑ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። እናትና አባት በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው እህቱን አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ የዳራት እሱ ነው። ሚስቱ "ጋሼ" ትለዋለች፤ እሱም ከሠርጉ ጀምሮ ጋሼ ይለዋል። ግዙፍ ሰው ነው። የመሪው ክፍል ውስጥ ሲገባ ክፍሉ ይጠባል።

"አለቀ? ሕዝቡ ሊበላኝ ነው።"

"አለቀ። ይሙቅ ብቻ።"

ማግኔትሮን ከበራ በኋላ ሦስት ደቂቃ ካልሞቀ ሥራ አይጀምርም። ሳጥኑ ራሱ ይከለክላል። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ከመቶ ሰማንያ ጀምሮ ወደ ታች ይቆጥራል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ቁጥሩን አዩ። ካፒቴኑ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራ። ሰማዩ ብራ ነበር፤ ባሕሩ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። "ጋሼ፣ አበላሽቼዋለሁ፤ ዛሬ ያለ ራዳር ውጣ፣ ማታ ሌላ እገጥማለሁ" ቢል ማንም ምንም አይሆንም ነበር። የሚጠፋው የእሱ ስም ብቻ ነው። መቶ ሲል ሊናገር አሰበ። ሃምሳ ሲል አሰበ። ቁጥሩ አለቀ።

የማግኔትሮኑን ፍሰት የሚያሳየው መርፌ ከአረንጓዴው መስመር አልፎ ቆመ። ትከሻውን መርፌው ፊት አስጠግቶ ከለለውና ማስተካከያውን ጥቂት በጥቂት አዞረ። ስክሪኑ ላይ የወደቡ ግንብ መጣ። የጭነት መርከቦቹ መጡ። ከግንቡ ውጭ ያሉት ተንሳፋፊ ምልክቶች አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ የመጨረሻዋ ግን አልመጣችም።

"ያቺ ዳር ያለችው የት ገባች?" አለ ካፒቴኑ።

"ማዕበል ሸፍኗት ነው።"

ካፒቴኑ በመስኮት ወደ ባሕሩ አየ። ማዕበል የሚባል ነገር የለም። ወደ አማቹ ተመለሰ።

"አንተ ካልክ አለቀ" አለና የመነሻውን ጥሩምባ ነፋ።

የሥራ ማረጋገጫው ቅጽ ላይ "የመሣሪያው ሁኔታ" የሚል መስመር አለ። "መደበኛ" ብሎ ጻፈና ፈረመ። ካቻቢቴውን ለሞተረኛው መልሶ ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ወደቡ በር ላይ ሞተረኛው ከሩቅ ጠራው።

"ባዶ እጅ! ና እስቲ። ምን አድርገህልኝ ነው ግን?"

የካቻቢቴውን ጫፍ አንድ እፍኝ የብሎን ዳዶ ውስጥ ነክሮ አነሳው። አምስት ስድስት ዳዶ ተንጠልጥሎ ወጣ። "እየው፣ እየው። ሞተር ሥር የገባ ብሎን ስለቅም ዕድሜዬ አልቆ፤ አንተ አንድ ቀን ነክተህ አስማት አደረግህበት። እጅህ ይባረክ።"

ሞተረኛው ነገሩን ለማንም ከማሳየት አልተቆጠበም። ለተሸካሚዎቹ አሳየ። ለጽዳት ሠራተኞቹ አሳየ። ከዚያ በር ላይ ትኬት ለሚቆርጠው ሰው አሳየ።

ትኬት ቆራጩ ከስምንት ዓመት በፊት ከባዶ እጅ ጋር ራዳር ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የቤቱን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ረስቶ ሳጥን ላይ ሲያጎነብስ ቁልፉ ማግኔት ላይ ተለጠፈበት። ማንም አላየውም። ራሱ መጥቶ ነው የተናገረው። ባዶ እጅ በዚያው ቀን ከሥራው አስወጣው። "እጅህን አላምነውም" ነበር ያለው፤ ሰው ፊት።

ትኬት ቆራጩ የተንጠለጠሉትን ዳዶዎች አየ። ካቻቢቴውን ተቀብሎ ገለበጠው።

"ማን ነው ያደረገልህ?"

"ባዶ እጅ ነዋ! ትናንት ራዳሩን ሲሠራ የተዋሰኝ ነው።"

ትኬት ቆራጩ ቀና ብሎ በሩ አጠገብ የቆመውን የቀድሞ አለቃውን አየው። አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ ካቻቢቴውን ለሞተረኛው መለሰና "ጥሩ ዕቃ ነው፣ እንዳይጠፋብህ" አለ። ወደ ትኬቱ ዞረ።

ባዶ እጅ ከዚያ ቀን በኋላ በጓሮው በር ይገባ ጀመር።

መጋዘኑ ውስጥ አንድ ትርፍ ማግኔትሮን ነበር፤ ከእንጨት ሣጥኑ ሳይወጣ፣ ከብረት መደርደሪያው ተነጥሎ ብቻውን የተቀመጠ። ያስቀመጠው ራሱ ነው። ያን አውጥቶ መግጠም የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ለማውጣት ግን መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል። ቅጹን ሞላ፤ የጀልባዋን ስም፣ የዕቃውን ቁጥር፣ ቀኑን። "የቀድሞው ዕቃ የተበላሸበት ምክንያት" የሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶው ቆመ። አንድ ሙሉ ዓመት መሥራት የሚገባው ዕቃ በሁለተኛው ቀን ለምን ተበላሸ? ውሸት ሊጽፍ አሰበ። ውሸቱን የሚያጣራው የራዳር ባለሙያ ግን ራሱ ነው፤ ሌላ የለም፤ ለራሱ መዋሸት ደግሞ አልሆነለትም። ቅጹን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። በሚቀጥለው ሳምንት፣ አለ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ አለ።

ማታ ማታ ሚስቱ ማንኪያ ስትፈልግ የናሱ ካቻቢቴ ይወጣል። "ይኸው ዕቃህ፤ ለምን አትወስደውም?" ትለዋለች። "እወስደዋለሁ" ይላል። አይወስደውም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ባሕሩን ጉም ዋጠው። የጀልባዋ አፍንጫ ከመሪው ክፍል አይታይም ነበር። ካፒቴኑ በቀስታ፣ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ወጣ። ከግንቡ ትንሽ እንደራቀ የሁለት ወንድማማቾችን የዓሣ ጀልባ መሐል ለመሐል ገጨ። ጀልባዋ የእንጨት ነበረች። ሁለቱንም ከውሃ አወጧቸው። ታናሽየው ፈርቶ እንጂ ደህና ነው። የታላቅየው ትከሻ ተሰበረ፤ ሐኪሙ መረብ መጎተት ከእንግዲህ አይታሰብም አለ።

ማመላለሻዋ ጀልባ ታሰረች። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ካፒቴኑ በዚያ ሳምንት እሑድ እህቱ ቤት መጣ። ምግብ ቀረበለት፤ አልነካውም።

"ስክሪኑ ባዶ ነበር" አለ። "በእናቴ አጥንት፣ ባዶ ነበር። አላየህም ይሉኛል። አፍጥጬ እያየሁ!"

"የእንጨት ጀልባ ምላሹ ደካማ ነው፣ ጋሼ" አለ ባዶ እጅ። እውነት ነው። እንጨት ሞገዱን እንደ ብረት አይመልስም።

"ሃያ ሁለት ዓመት የእንጨት ጀልባ በዚያ ስክሪን ሳይ ኖሬ?"

ባዶ እጅ ውሃ ጠጣ።

"ፈቃዴን ከነጠቁኝ ምን ሠርቼ እኖራለሁ?" አለ ካፒቴኑ። "በዚህ ዕድሜዬ ማን ምን ያሠራኛል? መሪ ከመያዝ ሌላ የማውቀው የለኝ።"

ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች። "አንተን ይጠሩሃል አይደል? ትነግራቸዋለህ አይደል?"

"እነግራቸዋለሁ" አለ።

በእርግጥም ጠሩት። በወደቡ ሌላ የራዳር ባለሙያ ስለሌለ መሣሪያውን መርምሮ እንዲያስረዳ የታዘዘው ራሱ ነው። የራሱን ጥፋት እንዲመረምር መታዘዙን ያወቁ ግን እሱና ትኬት ቆራጩ ብቻ ናቸው። መርምሮ "ይሠራል" አለ። ግንቡ ሥር ታስራ ለቆመች ጀልባ፣ ግንቡና መርከቦቹ እየታዩ፣ ይሠራል ማለት ይቻላል።

ኮሚቴው የተቀመጠው ሁለተኛ ፎቅ፣ ማራገቢያው እየተንቀጫቀጨ በሚዞርበት አዳራሽ ነው። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ የመርከብ መኮንን ናቸው፤ ጸጉራቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። አጠገባቸው ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ አለ። መጀመሪያ የተናገረው ትከሻው የታሰረው ዓሣ አጥማጅ ነበር።

"ጥሩምባውን ሰምታችሁ ለምን ዞር አላላችሁም?" አሉት ሰብሳቢዋ።

"ሰማን እንጂ። በጉም ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። ደግሞ ታየናለች ብለን ነው።"

"በጉሙ ውስጥ?"

"ጣሪያዋ ላይ ያ የሚዞረው ነገር አለ አይደል? እሱ እየዞረ ታየናለች አልን። ሁሌም ታየናለች።" በደህና እጁ ኮፍያውን አንስቶ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ባዶ እጅ ተጠራ። ለሁለት የተሰነጠቀ አሮጌ ማግኔትሮን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበር፤ ለሥልጠና የሚጠቀምበት ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የመዳቡ ሆድ ያበራል፤ መሐሉ ላይ ቀዳዳ፣ ዙሪያውን እንደ አበባ ቅጠል የተደረደሩ ስምንት ጉድጓዶች።

"ምንም እንደማላውቅ አድርገው ያስረዱኝ" አሉ ሰብሳቢዋ።

"ይህቺ መሐል ያለችው ዘንግ ትግላለች። ስትግል ከላይዋ ላይ ኤሌክትሮን ይነሳል፤ ከሚፈላ ውሃ እንፋሎት እንደሚነሳ በሉት። ዙሪያዋን ያለው መዳብ ደግሞ በብዙ ሺህ ቮልት ወደ ራሱ ይጠራቸዋል። ከልካይ ባይኖር ቀጥ ብለው ሄደው መዳቡ ላይ ይላተማሉ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የሚተርፈው ሙቀት ነው።"

"ከልካያቸው ማነው?"

"ማግኔቱ። ከላይና ከታች ሆኖ መንገዳቸውን ያጎብጠዋል። ስለዚህ ዘንጓን ይዞራሉ። ሲዞሩ በእነዚህ ጉድጓዶች አፍ ላይ ሽው እያሉ ያልፋሉ።" ከጠረጴዛው ላይ ባዶ የውሃ ጠርሙስ አነሳና አፉ ላይ በአግድም ነፋበት። ጠርሙሱ ቡው አለ። ጸሐፊው ደንግጦ ቀና አለ። "የጮኸው ትንፋሼ አይደለም፤ ጠርሙሱ ነው። እዚህም የሚጮኸው ጉድጓዱ ነው። በድምፅ ሳይሆን በሞገድ፤ በሰከንድ ከዘጠኝ ቢሊዮን ጊዜ በላይ። ያ ሞገድ በቱቦ ወጥቶ በሚዞረው አንቴና ይረጫል። የነካውን ነክቶ ይመለሳል። ስክሪኑ ላይ የምናየው የተመለሰውን ነው።"

እንደዚህ ሲያስረዳ ሁልጊዜ ደስ ይለዋል። ለጥቂት ደቂቃ ያን ቀንም ደስ ብሎት ነበር። በኋላ ሲያስበው ከሁሉም በላይ ያሳፈረው ይህ ነው።

"ማግኔቱ ቢደክምስ?" አሉ ሰብሳቢዋ።

"ኤሌክትሮኖቹ መዞራቸውን ያበላሹና ብዙዎቹ መዳቡን ይመታሉ። የሚወጣው ሞገድ ይቀንሳል።"

"ስክሪኑ ላይ ምን ይመጣል?"

"ትልቁ ይታያል። ትንሹ ይጠፋል።"

"እንደ እንጨት ጀልባ ያለው?"

"እንደሱ ያለው።"

"የዚህች ጀልባ ማግኔት ደክሟል?"

ካፒቴኑ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። ባዶ እጅ አላየውም፤ አተነፋፈሱን ግን ይሰማዋል።

"ማግኔት በራሱ አይደክምም፣ ክብርት ሰብሳቢ። ሃያ ዓመት ቢቀመጥ ያው ነው።"

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ጸሐፊው የሚጽፈው ከፊት ለፊቱ ስለሆነ በግልባጩ አነበበው። "ባለሙያው ማግኔቱ ደህና ነው ብለዋል" ይላል። አላረመውም። መዳቡን በጨርቁ ጠቀለለ።

ሰብሳቢዋ ለሻይ ሩብ ሰዓት ሰጡ። ኮሪደሩ ላይ ሞተረኛው ተራውን እየጠበቀ ነበር። ሰልችቶታል። ከአንዱ ቢሮ አንድ ሣጥን የወረቀት አግራፍ ወስዶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘርግፎ በካቻቢቴው እያነሳ ይጫወታል። አግራፎቹ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ሰንሰለት ይንጠለጠላሉ።

ካፒቴኑ ከአዳራሹ ወጥቶ አጠገቡ ቆመ።

"ምንድነው ይሄ?"

"አላየኸውም እንዴ፣ ካፒቴን? ወደቡ በሙሉ አይቶት!" ሞተረኛው ሰንሰለቱን ከፍ አደረገ። "የአማችህ ሥራ ነው። ያኔ አዲሱን ዕቃ ለራዳርህ ሲገጥም ተውሶኝ፣ እንዲህ አድርጎ መለሰልኝ። ምን ይሉታል፣ ባሕርዩ ተጋባበት።"

ካፒቴኑ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ራዳሩ በተከፈተ ቁጥር ኪሱን ሲያራግፍ፣ ሰዓቱን ሲያወልቅ፣ ትምህርቱን ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። አግራፎቹን አየ። ባዶ እጅ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን መዳብ ታቅፎ ግድግዳውን ተደግፏል። ካፒቴኑ ቀስ ብሎ ዞሮ አየው። ባዶ እጅ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። ያ ይበቃ ነበር።

ከሻይ በኋላ ካፒቴኑ ተጠራ። ሰብሳቢዋ ስክሪኑን ይመለከት እንደነበር ጠየቁት። ካፒቴኑ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።

"እስካሁን እያየሁ ነበር ብያለሁ" አለ። "ሳስበው ግን... ለጥቂት ጊዜ ዓይኔን አንስቼ ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ይችላል ወይስ አንስተዋል?"

"አንስቻለሁ።"

ጸሐፊው ጻፈ። ማራገቢያው ይንቀጫቀጫል። ባዶ እጅ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። እግሩ ሊነሳ ዳዳው። አልተነሳም። ኮሚቴው የካፒቴኑ ፈቃድ ለጊዜው እንዲያዝ፣ የመጨረሻው ውሳኔ በሳምንቱ እንዲነገር ወሰነ። የተሰበረ ትከሻውን የያዘው ዓሣ አጥማጅ በካፒቴኑ አጠገብ ሲያልፍ ሰላም አላለውም።

ደረጃው ላይ ባዶ እጅ ደረሰበት።

"ጋሼ።"

ካፒቴኑ ቆመ፤ ፊቱን ግን አላዞረም። "እህቴን ሰላም በልልኝ" አለ። ወርዶ ሄደ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ሚስቱ ሻይ ስትቀዳ ነገራት። ስለ ብሎኗ፣ ስለ ተውሶው፣ ስለ ሦስቱ ደቂቃ፣ ስለ ቅጹ። ሲጨርስ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

"ጋሼ ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"መቼ አወቀ?"

"ትናንት። ከመናገሩ በፊት።"

"አውቆ ነው እንደዚያ ያለው? ለእኔ ብሎ?"

ተነስታ መሳቢያውን ከፈተች። ማንኪያዎቹ ተንኳኩ። የናሱን ካቻቢቴ አምጥታ ከሻይ ብርጭቆው ጎን አስቀመጠችለት።

"በእኔ ቁም ሳጥን እንዳታሳብብ" አለች። "ይዘህልኝ ሂድ።"

ሰብሳቢዋ ቢሯቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ቆሞ ነገራቸው። እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

"ትናንት ስጠይቅዎት ለምን አልተናገሩም?"

"አፈርኩ።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ ባሰብኝ።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። "ቃል ብቻ አይበቃኝም። በጽሑፍ ያስፈልገኛል።"

ከደረት ኪሱ ያን አራት ጊዜ የታጠፈ ቅጽ አወጣ። በላብ ወይቦ ጠርዙ ተበጣጥሷል። ቀኑ ከግጭቱ ሦስት ሳምንት ይቀድማል። ሰብሳቢዋ ቀኑን አዩ፤ ከዚያ እሱን አዩ። እስክሪብቶ ተዋሳቸው፤ ጎንበስ ብሎ ባዶውን መስመር ሞላ፦ "በብረት ካቻቢቴ። በእኔ እጅ።" ፈረመና ገፋ አደረገላቸው።

"ጸሐፊው የጻፈውንም ያርሙልኝ" አለ። "ማግኔቱ ደህና ነው አላልኩም። ደህና አይደለም ግን አላልኩም።"

"ይታረማል" አሉ። "የዓሣ አጥማጁ ቤት የት እንደሆነ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው እውነቱን እንዲነግረው እኔ የምልከው ሰው አያስፈልግም።"

ከቢሮው ወጥቶ በጓሮው በር ሊሄድ ነበር፤ ቆመ። በዋናው በር ሄደ። ትኬት ቆራጩ መስኮቱ ውስጥ ተቀምጧል።

"እንዴት አደርክ?" አለው እንደ ድሮው።

ባዶ እጅ መስኮቱ ፊት ቆመ። ለስምንት ዓመት ያልተናገረውን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከኋላው ሰልፍ ነበር። አንዲት ሴትዮ "ወንድሜ፣ ትቆርጣለህ ወይስ ዞር ትልልናለህ?" አለችው።

"ቁልፉ" አለ። "የአንተ ቁልፍ።"

"አውቃለሁ" አለ ትኬት ቆራጩ። "ሰው እየጠበቀ ነው።"

ዞር አለላቸው።

የካፒቴኑ ፈቃድ በስድስተኛው ቀን ተመለሰ። አዲሱ ማግኔትሮን የተገጠመው በቀጣዩ ሰኞ ነው። የገጠመው በባዶ እጅ ቦታ ከሌላ ወደብ የተላከ ሰው ነበር፤ ሰዓቱን አላወለቀም።